ፊት ስለ መንጨትና ስለ ተሰወረው ቍስል

በተወለድሁበት በመዘዞ፥ በልጅነቴ ዘመን፥ ዕድሜያቸው የገፋ ብዙ ሴቶች በጆሮ ግንዳቸው ላይ ክብ የሆነ ትንሽ ጠባሳ ነበራቸው። አያቴም በቀኝና በግራ እንዲህ ያለ ጠባሳ ነበራት። አንድ ቀን ማታ በምድጃው አጠገብ ተቀምጠን ሳለ፤ «እምዬ፤ ይህ ምንድን ነው?» ብዬ ጠየቅኋት። ጣትዋን በቀኙ ጠባሳ ላይ አድርጋ፤ «ይህ ወንድሜ ነው» አለችኝ። የግራውንም ዳስሳ፤ «ይህ የበኵር ልጄ ነው» አለች። ከዚያ በኋላ እሳቱን መቈስቈስ ጀመረች እንጂ ሌላ ቃል አልጨመረችም።

ጥቂት ዓመት ቈይቶ ወደ ሚሲዮን ትምህርት ቤት ገባሁ። በዚያም ፊት መንጨት የአላዋቂነት ልማድ እንደ ሆነ ተማርሁ። ትምህርቱ ሐሰት አልነበረም። ነገር ግን እኔ ከትምህርቱ ዕውቀቱን ትቼ ንቀቱን ወሰድሁ፤ ለዕረፍት ወደ ቤቴ ስመለስም ጓደኞቼ የአያቴን ፊት እንዳያዩብኝ አፍር ጀመር። ይህ ንቀት አስተማሪ ከሆንሁ በኋላ ምን እንዳሠራኝ በስፍራው እናገራለሁ። ወጣት አንባቢ ሆይ፤ አስቀድመን ግን ታሪኩን እንመልከት። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ዓ.ም. ያልሁበት ዘመን በእኛ አቈጣጠር ነው፤ የቀረው ግን በአውሮጳ ነው።

ጄምስ ብሩስ የተባለው የስኮትላንድ ሰው በ1770 ወደ ጐንደር ገብቶ ነበር። በ1790 ባሳተመው መጽሐፉ እንደ ተረከው፥ ዘመድ የሞተባት ሴት የጆሮ ግንድዋን ቆዳ በጥፍርዋ ትነጭ ነበር፤ ለዚሁም ሲባል የትንሽ ጣት ጥፍር ሳይቈረጥ ይቈይ ነበር። ዘመኑ የጦርነት ዘመን ስለ ነበረ፥ በጐንደር ከተማ የሚያምረው ፊት ሁሉ በጠባሳ ተበላሽቶ ማየቱን ብሩስ ይናገራል። ከሰባ ዓመት በኋላ ደግሞ በ1841 የእንግሊዝ መንግሥት መልእክተኛ የሆነው መኰንን፥ ዊልያም ሃሪስ፥ ወደ ሸዋው ንጉሥ ወደ ሣህለ ሥላሴ መጥቶ በአንኮበር ተቀመጠ። እርሱም በ1844 ባወጣው መጽሐፉ ይህንኑ ልማድ በሸዋ ሴቶች ፊት ላይ እንዳየው ጽፎአል። ከአንኮበር እስከ መዘዞ ያለው ሕዝብ ልማዱም ለቅሶውም አንድ ስለ ሆነ፥ ሃሪስ ያያቸው ሴቶች ለአያቴ አያቶች ናቸው ብል ብዙ አልሳሳትም።

ጠባሳውን ብቻ ያየ ሰው ግን ያየው የነገሩን ግማሽ ነው። ቍስሉ የመጣበትን ቦታ፥ ማለት ለቅሶውን፥ ማየት ያስፈልጋል። በአገራችን ልማድ መርዶ በድንገት አይነገርም። ጐረቤትና ዘመድ ሌሊቱን ተጠራርቶ፥ ጎሕ ሲቀድ ከደጅ ተሰብስቦ፥ ከመካከሉ ዕድሜና ማስተዋል ያለው ሰው ነገሩን ይናገራል። ኀዘንተኛዪቱ ጮኻ ስትነሣ ሁለት ብርቱ ሴቶች በግራና በቀኝ እጅዋን ይይዛሉ። ፊትዋን ልትነጭ ስትል «ይበቃል፤ ይበቃል» ይሏታል። ሙሾ አውራጅዋ የሟቹን ስም፥ የአባቱን ስም፥ የሠራውን ሥራ እየጠራች ታለቅሳለች፤ ሌላው ደረቱን እየመታ ይቀበላታል። ከቀብር መልስ ጐረቤት እዝን ይዞ ይመጣል፤ ኀዘንተኛዪቱ አልበላም ብትል በግድ ያጐርሷታል። ሌሊትም ብቻዋን አትተውም፤ ሴቶች ከአጠገብዋ ይተኛሉ። የሚገባው የሚወጣው ሁሉ «እግዜር ያጥናሽ» ይላታል።

እንግዲህ በዚህ ሥርዓት ውስጥ ቍስል ብቻ አልነበረም። ኀዘኑን የሚናገር ቃል ነበረ፤ ኀዘኑን የሚያይ ምስክር ነበረ፤ ከሁሉም በላይ ኀዘንተኛዪቱ በራስዋ ላይ ክፉ ልታደርግ ስትል እጅዋን የሚይዝ ሰው ነበረ። አያቴ ጠባሳዋን ስትዳስስ ያላፈረችው ስለዚህ ይመስለኛል። የቈሰለችው በሰው ፊት ነው፤ የዳነችውም በሰው መካከል ነው።

ይህ ልማድ የእኛ ብቻ አይደለም። የሙሴ ሕግ ስለ ሞተ ሰው ሥጋን መንጨትን በኦሪት ዘሌዋውያንና በኦሪት ዘዳግም ከልክሎአል። በአቴና ሶሎን የተባለው ሕግ አውጪ፥ ከልደተ ክርስቶስ በፊት በ6ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ፥ ሴቶች በለቅሶ ጊዜ ፊታቸውን እንዳይነጩ መከልከሉን ፕሉታርክ ጽፎአል። ሮማውያንም ከልደተ ክርስቶስ በፊት በ450 ገደማ አሥራ ሁለቱ ሰሌዳዎች በሚባለው ሕጋቸው ሴቶች ጕንጫቸውን እንዳይቧጭሩ ደንግገዋል። ሦስት ሕዝቦች አንድ ዓይነት ሕግ ማውጣታቸው፥ ነገሩ ምን ያህል በሰው ጠባይ ውስጥ ሥር እንዳለው ያሳያል። ደግሞም ሕጉ ብቻውን አልበቃም። በትንቢተ ኤርምያስ 41ኛ ምዕራፍ፥ የሙሴ ሕግ ከተሰጠ ብዙ መቶ ዓመት ካለፈ በኋላ፥ ሰማንያ ሰዎች ጢማቸውን ላጭተው፥ ልብሳቸውን ቀድደው፥ ገላቸውንም ነጭተው ወደ እግዚአብሔር ቤት መሥዋዕት ይዘው ሲመጡ እናነባለን። ሕጉን የማያውቁ አልነበሩም። ከሕጉ ይልቅ ኀዘናቸው ስለ በረታባቸው ነው።

በእኛም አገር የካህናት ተግሣጽና የዘመኑ ትምህርት ልማዱን እያሳነሱት መጥተዋል፤ ዛሬ ፊትዋ የተነጨ ወጣት ሴት ማየት ብርቅ ነው። እኔም ይመለስ አልልም። መልካም ሆኖ ቀርቶአል። ነገር ግን ልጆቼ፤ ቍስሉን ስንከለክል ቃሉን፥ ምስክሩንና እጅ የሚይዘውን ሰው አብረን እንዳናስቀር መጠንቀቅ ይገባን ነበር። በዚህ በኩል እኔ ራሴ የበደልሁትን አሁን እናገራለሁ።

በ1994 ዓ.ም. የ8ኛ ክፍል አስተማሪ ነበርሁ። መዘዞ ብርድ ስለ ሆነ ተማሪው ሁሉ ተሸፋፍኖ ይመጣል፤ ረጅም እጅጌ ማንንም አያስደንቅም። በክፍሉ ውስጥ አንዲት ዝምተኛ፥ ትምህርትዋን አጥባቂ ልጅ ነበረች። አንድ ቀን ወደ ሰሌዳው ጠርቼ ሒሳብ ሳሠራት፥ ክንድዋን ከፍ ስታደርግ እጅጌዋ ወደ ታች ወረደ። ክንድዋ ላይ የቈየና አዲስ ጠባሳ አየሁ። በራስዋ እጅ የደረሰ መሆኑንም ወዲያው ተረዳሁ። ያን ጊዜ አቅርቤ በቀስታ ልጠይቃት ሲገባኝ፥ በስድሳ ተማሪ ፊት፤ «ይህ ምን ዓይነት ዕብደት ነው? አንቺ እኮ የተማርሽ ነሽ!» አልኋት። ከኋላ አንዳንዱ ሳቀ። እርስዋ ጠመኔውን በቀስታ አስቀምጣ ወደ ቦታዋ ተመለሰች። በማግሥቱ ትምህርት ቤት አልመጣችም፤ በሳምንቱም አልመጣችም።

በሦስተኛው ሳምንት አያትዋ ከዘራቸውን ይዘው ወደ አስተማሪዎች ክፍል መጡ። ቁጡ ሰው ጠብቄ ነበር፤ እርሳቸው ግን ተቀምጠው ጥቂት ከተነፈሱ በኋላ ነጠላቸውን ከፊታቸው ገለጥ አደረጉ። እንደ አያቴ ያለ ጠባሳ ነበራቸው።

«መምህር፤ ይህን ያዩታል?» አሉኝ። «ባሌ የሞተ ዕለት የነጨሁት ነው። አገር ሙሉ እጄን ይዞኝ ነበር። የልጅቱን እጅ ግን ማን ያዘላት? እኔም አልያዝሁላት፤ እርስዎም አልያዙላት።»

ከአፌ ቃል አልወጣም። በዚያው ቀን ከትምህርት በኋላ አብሬያቸው ሄጄ ልጅቱን ይቅርታ ጠየቅሁ። ብዙ ጊዜ ዝም ካለች በኋላ የነገረችኝ ይህ ነው።

«ጋሼ፤ መሞት ፈልጌ አይደለም። እናቴ የሞተች ጊዜ ልጅ ናት ብለው ሳይነግሩኝ ወደ አክስቴ አገር ሰደዱኝ። ስመለስ ለቅሶው አልቆ ነበር። ማልቀስ ስጀምር ሁሉም ‹በርቺ፤ አያትሽን አታስጨንቂያት› ይለኛል። እንባዬም እንቢ አለኝ። ሌሊት ሲሆን ውስጤ ይታፈናል፤ አንዳንድ ጊዜም ድንጋይ እሆናለሁ። ያን ያደረግሁ ጊዜ ጥቂት የተነፈስሁ ይመስለኛል፤ ወዲያው ግን አፍራለሁ። ኀፍረቱ ደግሞ መልሶ ያፍነኛል።»

በዚህ ቃል ውስጥ የነገሩ መጀመሪያና መጨረሻ እንዳለ በኋላ ሳነብ ተረዳሁ። አሜሪካዊው የአእምሮ ሐኪም ካርል ሜኒንገር በ1938 ባሳተመው መጽሐፍ፥ ሰው ራሱን ማቍሰሉ ሁልጊዜ ሞትን መፈለጉ እንዳልሆነ፥ አንዳንድ ጊዜም ከሚብሰው ጥፋት ለመዳን የሚደረግ የተሳሳተ ሙከራ እንደ ሆነ አስረድቶአል። በ1987 አርማንዶ ፋቫዛ የተባለ ሌላ ሐኪም፥ ሕዝብ በሥርዓትና በልማድ የሚያደርገውን ማቍሰል፥ አንድ ሰው ለብቻው በሕመም ከሚያደርገው ለይቶ የሚያሳይ መጽሐፍ አወጣ። ዴቪድ ክሎንስኪ የተባለ የሥነ ልቡና ሊቅም በ2007 ዓሥራ ስምንት ጥናቶችን መርምሮ፥ ሰዎቹ ራሳቸው ከሁሉ አብልጠው የሚሰጡት ምክንያት የከበደ ስሜትን ለማስታገሥ መሆኑን፥ ራስን መቅጣትም በብዙ ጥናቶች ውስጥ መገኘቱን ገልጦአል።

ይህን ያደረጉ ሰዎች ስለ ራሳቸው የሚናገሩትን ብንሰማ፥ ንግግራቸው በአራት መንገድ ይመጣል። አንዳንዱ ውስጤ ሞልቶ ይፈስሳል፥ መውጫም አጣለሁ ይላል። አንዳንዱ በተቃራኒው ደንዝዤአለሁ፤ በሕይወት መኖሬን ማወቅ አቃተኝ ይላል። አንዳንዱ ጥፋተኛ ነኝ፥ ቅጣት ይገባኛል ብሎ በራሱ ላይ ይፈርዳል። አንዳንዱም ሕመሜን ማንም አያየውም፤ ራሴም ልይዘው አልቻልሁም፤ ስለዚህ የሚታይ አደረግሁት ይላል። የእንግሊዝ ልዕልት ዲያና በኅዳር 1995 በቢቢሲ ቴሌቪዥን ስትጠየቅ፥ እጅና እግርዋን ታቈስል እንደ ነበረ ሳትሸሽግ ተናግራለች፤ ምክንያቱንም ስትገልጥ በውስጥ ያለው ሕመም ሲበዛ ሰው ርዳታ ፈልጎ በውጭ ራሱን ይጐዳል የሚል ሐሳብ ሰጥታለች። በቤተ መንግሥት የኖረችው ልዕልትና በመዘዞ ብርድ እጅጌዋን ያስረዘመችው ልጅ የተናገሩት አንድ ነገር ነው።

የመዘዞ ምድር ኦፓል የሚባለውን የከበረ ድንጋይ ታወጣለች፤ ከ1980ዎቹ ዓ.ም. ወዲህ ስሟ በውጭ አገር ሳይቀር የታወቀው በዚህ ነው። የድንጋዩን ጠባይ የሚያውቁ ሰዎች እንደሚናገሩት፥ በማንም ሳይመታ የሚሰነጠቅ ኦፓል አለ። በውስጡ ውሃ ስላለበት፥ ከመሬት ወጥቶ ሲደርቅ ከራሱ ይነቃል። ያን የማያውቅ ሰው ድንጋዩ ክፉ ነበር ይላል፤ የሚያውቅ ግን ምን እንደ ጐደለበት ይጠይቃል።

በእኛ ዘንድ ግን መጠየቅ አልተለመደም። አንዱ «ሰው እንዲያይላት ብላ ነው» ይላል። ይህ ስሕተት ነው፤ አብዛኛዎቹ የሚደብቁት አጥብቀው ነውና። ቢታይ እንኳ፥ ርዳታ ፈልጎ የሚጮኽን ሰው «ለምን ጮኽህ» ብሎ መቅጣት ምን ዓይነት ፍርድ ነው? ሌላው ርኩስ መንፈስ ነው ብሎ ልጁን ያሥራል። ጸሎትንና ጸበልን አልነቅፍም፤ ብዙ ሰው መጽናናት ያገኝበታል። ሆኖም ጸበል የሚሄድ ሰው ሐኪም ዘንድ መሄድ አይከለክለውም፤ ሰንሰለት ግን የማንም መድኃኒት አይደለም። ሦስተኛውም «መሞት ስላልፈለገ አያሠጋም» ይላል። ይህም አደገኛ ሐሳብ ነው። አብዛኞቹ ሞትን ባይፈልጉም፥ ራሱን የሚያቈስል ሰው ከሌላው ይልቅ ሕይወቱን ወደ ማጥፋት ለመድረስ የቀረበ መሆኑን ሐኪሞች አረጋግጠዋል። ስለዚህ መናቅም መደንገጥም ሳይሆን፥ መቅረብ ይገባል።

በማርቆስ ወንጌል 5ኛ ምዕራፍ በመቃብር መካከል የሚኖር፥ ሌሊትና ቀን እየጮኸ ገላውን በድንጋይ የሚያቈስል ሰው ታሪክ አለ። የአገሩ ሰዎች የሞከሩት ሰንሰለት ነበር፤ ሰንሰለቱንም በጠሰው። ጌታችን ግን ስሙን ጠየቀው። በታሪኩ መጨረሻ ያ ሰው ልብሱን ለብሶ፥ ልቡም ተመልሶለት ተቀምጦ ይገኛል። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ይህን ምዕራፍ ብዙ ጊዜ አንብቤው ነበር፤ ትርጕሙ የገባኝ ግን ያች ልጅ ከክፍሌ ከወጣች በኋላ ነው። ስምዋን በየቀኑ ከመዝገብ እየጠራሁ፥ አንድ ቀን እንኳ እንዴት እንዳለች አልጠየቅኋትም ነበር።

ልጅቱ በአንድ ቀን አልዳነችም። አያትዋ በመጀመሪያው እሑድ ዘመድና ጐረቤት ሰብስበው፥ እናትዋ ምን ዓይነት ሰው እንደ ነበረች፥ ምን ትወድ እንደ ነበር፥ በመጨረሻው ቀን ምን እንዳለች ለልጅቱ አስነገሩላት። ልጅቱ ያን ቀን አለቀሰች፤ ሁለት ሴቶችም እጅዋን ያዙ። ከልብ ካለቀሱ እንባ አይገድም የተባለው ተረት ያን ቀን በዐይኔ ተፈጸመ። ከዚያም በኋላ ወደ ደብረ ብርሃን ሆስፒታል ወስደናት ሐኪም አነጋገራት። በመካከሉ የተመለሰችበት ጊዜ ነበር። ሆኖም አሁን ሲከብዳት የምትሄድበት ቤትና የምትነግረው ሰው ነበራት፤ ክፉው ጊዜ እየሳሳ መጣ። ትምህርትዋንም ጨረሰች።

ወጣት አንባቢ ሆይ፤ ይህ ጕዳይ ባልንጀራህን ቢያገኘው፥ አትሳለቅበት፤ አትቈጣው፤ ለሌላው ተማሪ አታውራበት። «ምን ሆነህ ነው?» ብለህ ለብቻው ጠይቀው፤ መልሱም እስኪመጣ ታገሥ። ለማንም አልናገርም ብለህ ግን ቃል አትግባ፤ ምሥጢሩ ለአንተም ይከብድሃልና። ልቡ ደግ የሆነ አስተማሪ፥ ዘመድ ወይም የጤና ባለሙያ ካለበት ስፍራ አብረኸው ሂድ። መንገዱን ብቻውን አትስደደው።

አንቺ ይህን የምታነቢ ልጅ ወይም አንተ፥ በእጅጌ ሥር የተሰወረ ነገር ካለ፥ ዕብድ አይደላችሁም፤ ከሰውም የተለያችሁ አይደላችሁም። ከእናንተ በፊት በጐንደርም በአንኮበርም በአቴናም ሕመማቸው ከቃል በላይ የሆነባቸው ብዙዎች ነበሩ። ነገር ግን በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም። «ሆድ ይፍጀው» የሚለውን ብሂል አትመኑት፤ ሆድ ሁሉን መፍጀት አይችልም። አንድ ሰው ፈልጉ፤ የመጀመሪያው እንደ እኔ አላዋቂ ቢሆንባችሁ ሁለተኛውን ፈልጉ። ራሳችሁን ለመጉዳት የምትገፋፉበት ሰዓት ሲመጣ ብቻችሁን አትቀመጡ፤ ወደ ሰው ውጡ። ከሞት ሐሳብ ጋር የመጣ እንደ ሆነም ለነገ ሳትሉ በዚያው ሰዓት ለሰው ተናገሩ፥ ወደ ጤና ጣቢያም ሂዱ።

እናንተ ታላላቆች ደግሞ፥ በቤታችሁ ሞት ሲገባ ልጆችን ከለቅሶ አታርቁ። ለዕድሜያቸው በሚስማማ ቃል ንገሯቸው፤ በመካከላችሁም አስቀምጧቸው።

ባለፈው ዓመት በመንደራችን ለቅሶ ነበር። ያች ተማሪዬ ዛሬ የልጆች እናት ናት፤ እዝን ይዛ ከመጡት ሴቶች ጋር አየኋት። ሰው ሁሉ ኀዘንተኛዪቱን ከብቦ ሳለ፥ እርስዋ ወደ ጓሮ ዞራ ሄደች። የሟቹ ትንሽ ልጅ ከግድግዳው ሥር ብቻውን ቆሞ ነበር። አጠገቡ ተቀምጣ እጁን ያዘችው።